መቅደላ ጠረጴዛ ላይ፦ የናፒየርን ዘመቻ በዋርጌም ለመጫወት ዝርዝር መመሪያ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጦርነቶች ላይ የተሠሩ የጠረጴዛ ጨዋታዎች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። በአንድ ወገን ጥቂት ጠመንጃ ያዥ ተሰልፎ ይቆማል። በሌላው ወገን ጦርና ጋሻ የያዘ ብዙ ሰው ይሮጣል። ዳይስ ይጣላል፣ የሮጠው ይረግፋል፣ በቃ። አንድ ጊዜ ያዝናና ይሆናል። ለሁለተኛ ጊዜ ግን የሚረግፈውን ወገን ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም።

የመቅደላ ዘመቻ ከዚህ ሁሉ ይሻላል። ውጊያው ራሱ ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ወራት የፈጀ የመንገድ፣ የስንቅና የድርድር ትግል ነው። ሁለቱም ወገኖች ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ክረምት ሳይገባ መመለስ አለበት። ሌላው ከባድ መድፎቹን እየጎተተ አምባው ላይ ቀድሞ መድረስ አለበት። ጨዋታችሁን በዚህ ሩጫ ላይ ከሠራችሁት፣ የቴዎድሮስን ወገን የያዘው ተጫዋችም እስከ መጨረሻው የሚያስበው ነገር አያጣም።

ዋርጌም ለማያውቅ ሰው፦ ትናንሽ የወታደር ምስሎች ቀለም ይቀባሉ፣ መልክዓ ምድሩ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ከዚያ በሜትርና በዳይስ አንድ ውጊያ ይጫወታሉ። ሕጉን ገዝቶ መጠቀም ይቻላል። እዚህ የማቀርበው ግን በሁለት ገጽ የሚያልቅ፣ ማንም ራሱ ሊያሻሽለው የሚችል ሕግ ነው።

ታሪኩን በልክ መያዝ

ብዙ ማንበብ አያስፈልግም። ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሱትን ነጥቦች ብቻ ያዙ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እሰጣለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። መልስ ቀረ። ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ፣ በኋላ መልስ ይዞ የመጣው ራሳምም ታሰረ። እንግሊዝ ጄኔራል ሮበርት ናፒየርን ከቦምቤይ ጦር ጋር ላከች። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በጥቅምት 1860 ከምፅዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ወረዱ። ናፒየር ራሱ የደረሰው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ወታደሩ 13 ሺህ ገደማ ሲሆን የሚበዛው ሕንዳዊ ነበር። ከዚያ በላይ የሚሆን አገልጋይ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብትና 44 ዝሆን ተከተለው። ዙላ ላይ ወደብ ተሠራ፣ አጭር የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ የሚጠጣውም ውኃ ከባሕር ውኃ በመርከቦቹ ማሽን እየተጣራ ይቀርብ ነበር።

ከዙላ እስከ መቅደላ መንገዱ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ ተጉዞ አምባው ሥር የደረሰው የጦሩ ጥቂት ክፍል ነው። የቀረው መንገድ ሲጠብቅና ስንቅ ሲያመላልስ ከረመ።

ቴዎድሮስም በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ነበር። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሯቸውን መድፎች፣ ከሁሉም በላይ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያወጡ ሄዱ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ደላንታ ላይ እንግሊዞቹን የጠበቃቸው ይኸው ቴዎድሮስ ያስቆረጡት መንገድ ነበር፤ እነሱም ተጠቀሙበት። ይህን ነገር ጨዋታው ውስጥ አስገቡት፣ እመለስበታለሁ።

ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ በታች ባለው ሜዳ የእሮጌ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 5 ፋሲካ ነበር። ሚያዝያ 6 መቅደላ ተያዘች፣ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ።

ምን ያህሉን እንጫወት?

ሦስት ምርጫ አለ። እሮጌን ብቻ መጫወት ይቻላል፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከደላንታ እስከ መቅደላ ያለውን የመጨረሻ ሳምንት መጫወት ይቻላል። ወይም ዘመቻውን በሙሉ።

የእኔ ምክር ሦስተኛው ነው፣ ግን በሁለት ቀን ተከፍሎ። የመጀመሪያው ቀን በካርታ ብቻ ያልቃል፣ ምስል አያስፈልግም። ሁለተኛው ቀን የጠረጴዛው ውጊያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ውጤት የሁለተኛውን ቀን ጦር ይወስናል። ስንቅ አልቆበት የደረሰ ናፒየር በቀነሰ ጦር ይዋጋል። መድፉን ጥለው የመጡ ቴዎድሮስ ፈጥነው ይደርሳሉ፣ መድፍ ግን የላቸውም።

ማን ማንን ይይዛል?

አራት ተጫዋችና አንድ ዳኛ ጥሩ ቁጥር ነው። አንዱ ናፒየርን፣ አንዱ ቴዎድሮስን ይይዛል። ሦስተኛው የትግራዩን ደጃዝማች ካሳ ምርጫን፣ አራተኛው የላስታውን ዋግሹም ጎበዜን። ሁለት ሰው ብቻ ካላችሁ ካሳንና ጎበዜን ዳኛው በዳይስ ያንቀሳቅሳቸው። ግን ብዙ ነገር ይቀርባችኋል።

ለምን መሰላችሁ? ናፒየር ከዙላ ጭኖ በመጣው ብቻ መቅደላ አይደርስም። እህል፣ ገብስና ጭድ በመንገድ መግዛት አለበት። የሚከፍለው በማርያ ትሬዛ ብር ነው። ገበያው የሚከፈተው ደግሞ የአገሩ ባለቤት ሲፈቅድ ነው። ለዚህ ነው ናፒየር በየካቲት ሐውዜን አጠገብ ካሳን ፊት ለፊት ያገኘው። ካሳም በዋዛ አልፈቀደም፤ ኋላ ጦሩ ሲወጣ መድፍና ጠመንጃ አገኘ። ጎበዜ መቅደላ ሳይቀር ቢሰጠው እንኳ አልፈለገም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሦ ሳለ፣ በዚያው መሣሪያ የታጠቀው ካሳ ድል አድርጎት ራሱ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆነ። እንግዲህ የዘመቻው ትልቁ አሸናፊ እሮጌ ላይ ያልነበረ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሚና ለዳይስ ከመተው ምላሱ ስል ለሆነ ጓደኛ ስጡት።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ዓላማው በታሸገ ወረቀት ይሰጠው። ሌላው እንዳያይ። ናፒየር የተሰጠው ትእዛዝ እስረኞቹን ማስለቀቅ ብቻ ይሁን ወይስ ንጉሡንም መያዝ፣ ቴዎድሮስን የያዘው ሰው ማወቅ የለበትም። ያኔ ድርድሩ እውነተኛ ይሆናል።

ካርታውና ሽምብራው

አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መንገዱን በዘጠኝ ክብ ሣሉት፦ ዙላ፣ ሰንዓፌ፣ አዲግራት፣ አንጣሎ፣ አሸንጌ፣ ላት፣ ወድላ፣ ደላንታ፣ በሽሎ። በመካከላቸው ስምንት ጉዞ አለ። በሌላ አቅጣጫ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሚመጣውን የቴዎድሮስን መንገድ ሣሉ።

አንድ ዙር አንድ ሳምንት ነው። ጨዋታው በጥር መጨረሻ፣ ናፒየር ሰንዓፌ ላይ ሆኖ ይጀመር። በ12ኛው ዙር መጨረሻ እስረኞቹን ይዞ ለመመለስ ካልተነሣ፣ ክረምቱ መንገድ ላይ ይይዘዋል። በታሪክም የመጨረሻው ጦር ዙላን የለቀቀው በሰኔ መጀመሪያ ነው።

ለስንቅ ሽምብራ ተጠቀሙ። በየዙሩ ዙላ ላይ 12 ሽምብራ ይወርዳል። ናፒየር የፈለገውን ያህል ወደ ፊት ይልካል። ነገር ግን ከሚላከው ከእያንዳንዱ ስድስት ሽምብራ፣ በየሁለት ጉዞው አንዱ ይቀነሳል። የበቅሎዎቹ ቀለብ ነው። ስለዚህ ስድስት ልኮ በሽሎ ላይ የሚደርሰው ሁለት ብቻ ነው። ፊት ያለ እያንዳንዱ ጦር ደግሞ በዙር አንድ ይበላል። ናፒየር ስድስት ጦር ይዞ ወደ በሽሎ ቢወርድ፣ ወደቡ ያለውን ሁሉ ቢልክ እንኳ የሚደርሰው አራት ነው። ሁለቱን ከገበያ ማግኘት አለበት ወይም ሁለት ጦር ከኋላ ማስቀረት አለበት። ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተጠበበ ነው።

የገበያው ሕግ እንዲህ ይሁን። ናፒየር 10 የብር ሳንቲም ይዞ ይጀምራል። አንድ ብር አንድ ሽምብራ ይገዛል። ከሰንዓፌ እስከ አንጣሎ የሚገዛው ካሳ «ይሁን» ሲል ነው፤ ከአሸንጌ እስከ ወድላ ጎበዜ ሲፈቅድ። ከደላንታ ወዲያ ዳይስ ይጣላል፣ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ገበያ ቆሟል። ካሳና ጎበዜ ለፈቃዳቸው የፈለጉትን መጠየቅ ይችላሉ። ናፒየርም ቃል መግባት ይችላል። ቃሉን ማጠፍም ይችላል።

አሁን መንገዱ። ጦሩ በዙር አንድ ጉዞ ይሄዳል፣ ግን ዝሆኖችና ከባድ መድፍ ካሉበት አስቀድሞ መንገድ መጠረግ አለበት። ዳይስ ጣሉ፦ 3 እና ከዚያ በላይ መንገዱ ተጠርጓል። ከዚያ በታች ከሆነ ሳምንቱ አለፈ። ላት ላይ ናፒየር ጓዙን በብዛት እንዲጥል ምርጫ ስጡት፤ በእውነትም እዚያ የመኮንኖቹን ድንኳንና ሻንጣ ሳይቀር ቀንሷል። ጓዙን ከጣለ ከዚያ በኋላ ዳይስ አይጥልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያለ ስንቅ አንድ ዙር ካደረ አንድ ጦር ያጣል።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸ ነው፦ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወድላና ደላንታን በሚለየው ገደል ካሳለፉ፣ ናፒየርም እዚያ ዳይስ አይጥልም። መንገዱ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። መድፉን ይዞ የሚሄደው ተጫዋች ለጠላቱ መንገድ እየሠራ መሆኑን ያውቃል፣ ግን ምን ያደርጋል?

ቴዎድሮስን የያዘው ተጫዋች

አሥር ጭፍራ ይዞ ይጀምራል፣ ለዚህ ባቄላ ይሁን። ሴባስቶፖል መቅደላ ለመድረስ ስድስት ጉዞ ቀርቶታል። በየሳምንቱ ከሦስት ነገር አንዱን ብቻ ይመርጣል፦ መድፉን መጎተት፣ ቀለብ ማምጣት ወይም መልእክተኛ መላክ። ቀለብ ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ካለፈ አንድ ጭፍራ ይከዳል። በዚያ ላይ በየሳምንቱ ዳይስ ይጣላል፣ 1 ከመጣ ሌላ ጭፍራ ሌሊት ይጠፋል። ጦራቸው በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደመነመነ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም።

መድፉን መጣል ይቻላል። የጣለ በሁለት ሳምንት መቅደላ ይገባል፣ የቀረውን ጊዜ ለቀለብና ለድርድር ያውለዋል። የብዙ ሰው ልብ ግን ለሴባስቶፖል ያደላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ቸርችል ጎዳና ቴዎድሮስ አደባባይ ሄዳችሁ አምሳያውን እዩትና ይገባችኋል። ዋናው ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው።

እስረኞቹን በስድስት ካርድ ወክሏቸው። ካርዶቹ በቴዎድሮስ ተጫዋች እጅ ናቸው። በማንኛውም ጊዜ የተወሰነውን ወይም ሁሉንም ሊለቅ ይችላል።

እሮጌን በልክ ማሳነስ

ወደ ሁለተኛው ቀን እንምጣ። እሮጌ ላይ የነበረው የእንግሊዝ አንደኛ ብርጌድ ሁለት ሺህ ገደማ ነበር። ከፈላ አምባ የወረደው የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከአምስት እስከ ሰባት ሺህ ይገመታል። አንድ ምስል ለ50 ሰው ካልን 40 ምስል ለእንግሊዝ፣ 120 ለገብርዬ ይበቃል። አራት አራት አድርጋችሁ በአንድ መቆሚያ ላይ ለጥፏቸው። 10 መቆሚያ ለዚህ፣ 30 ለዚያ። በካርታው ቀን የጠፋ እያንዳንዱ ጭፍራ ከ30ዎቹ ሁለት፣ የጠፋ እያንዳንዱ ጦር ከ10ሩ አንድ ይቀንሳል።

ለዚህ ብዛት 28 ሚሊ ሜትር ምስል ውድ ነው፣ ጠረጴዛም ያጣብባል። 15 ሚሊ ሜትር ወይም 20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑት የፕላስቲክ ምስሎች ይሻላሉ። ጠረጴዛው 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ሜትር።

የእንግሊዙን አሥር መቆሚያ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ሦስት ለ4ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ሦስት ለፑንጃብ ፓዮኒሮች (መንገድም የሚጠርጉ የሕንድ እግረኞች)፣ አንድ ለባሉቾች (እነሱም ከሕንድ የመጡ እግረኞች ናቸው)፣ አንድ ለመሐንዲሶች፣ አንድ ለተራራ መድፉ፣ አንድ ለባሕር ኃይሉ ሮኬት። በዚያ ላይ በቅሎዎች። በቅሎዎቹን አትርሱ፣ ውጊያው በእነሱ ምክንያት ነው የተጀመረው።

ምስሎቹን ማግኘትና መቀባት

ውጭ አገር ያላችሁ በኢንተርኔት ማዘዝ ቀላል ነው። አገር ቤት ያላችሁ ከሚመጣ ሰው ጋር ማስላክ ይኖርባችኋል። ለቴዎድሮስ ዘመን ተብሎ የተሠራ ምስል ካጣችሁ፣ የዐድዋ ዘመን ኢትዮጵያውያን ምስሎችን ግዙና ባርኔጣና ዘመናዊ ጠመንጃ ያላቸውን አውጡ። ጦርና ጋሻ የያዘው ብዙም አይለያይም።

ገንዘብ ካነሰ ወረቀት ይበቃል። የወታደሩን ምስል ከፊትም ከኋላም ሣሉ፣ በኤ4 አሳትሙ፣ አጥፋችሁ በኮላ ለጥፉ፣ ካርቶን ላይ አቁሙ። አንድ ሙሉ ጦር በአንድ ቀን ይሠራል። ከሁለት ክንድ ርቀት ሲታይ አያሳፍርም።

የእንግሊዝ እግረኞችን ቦላሌና ኮት በአብዛኛው ካኪ ቀቡ። ባሉቾቹ ጥቁር አረንጓዴ ኮትና ቀይ ሱሪ አላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ከሩቅ ይለያሉ። መርከበኞቹ ሰማያዊ። ቀይ ኮት የሞላበት የእንግሊዝ ጦር እዚህ ቦታው አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሸማ ነው። ነጭ ቀለም በቀጥታ ከቀባችሁበት ምስሉ ኖራ የተለሰነ ይመስላል። መጀመሪያ ቀለል ያለ ግራጫ ወይም የክሬም ቀለም ሙሉውን ቀቡ። ሲደርቅ ነጩን በትንሽ ብሩሽ፣ ከፍ ከፍ ባለው እጥፋት ላይ ብቻ አስነኩ። ጉድጓዱ ግራጫ ሆኖ ይቅር። መጨረሻ ላይ ለጃኖው ጥለት አንድ ሰፋ ያለ ቀይ መስመር በአንድ ምት ሳቡ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ በግራጫው አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ፣ በቀዩ ላይ ቀይ አትደራርቡ። ፈረሰኛ ካላችሁ እግሩን ተመልከቱ፦ የእኛ ሰው እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው፣ ጫማም የለውም። ከፋብሪካ የመጣው ምስል ቡትስ ካለው በካተር ጠርቡትና የቆዳ ቀለም ቀቡት። ገብርዬን ደግሞ ቀይ የሐር ቀሚስ አልብሷቸው፣ በዚያ ዕለት እንደዚያ ሆነው ነው የወረዱት።

አምባውን መሥራት

ፎም ያስፈልጋችኋል። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ሆኖ የሚመጣው ነጩ ይበቃል። በካተር እየቆረጣችሁ ደርቡት። አምባ ስለሆነ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል፣ አናቱ ሜዳ ይሁን። እንደ እንጀራ ምጣድ አክንባሎ ሾጣጣ ኮረብታ ከሠራችሁ መቅደላ አይደለም።

ከጠረጴዛው በአንዱ ጫፍ በስተግራ ፈላ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሥላሴ፣ በመካከላቸውና ከኋላቸው እስላምጌ የሚባለው ዝቅ ያለ መሬት፣ ከዚያ መቅደላ ራሷ ትኖራለች። ለእሮጌ ውጊያ መቅደላን መሥራት አያስፈልግም፣ ከጠረጴዛው ውጭ ናት። ከፈላ ሥር የእሮጌ ሜዳ ይዘርጋ። ከሜዳው ማዶ፣ ከበሽሎ ወደ ላይ የሚመጣ ጠባብ ሸለቆ አለ፣ ወርቅ ውሃ። በቅሎዎቹና መድፎቹ የሚመጡት በዚያ ውስጥ ነው።

ፎሙን በኮላና በአሸዋ ለስኑት፣ ገደሉን ጥቁር ግራጫ ቀቡ። ሜዳው አረንጓዴ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሚያዝያ መጀመሪያ ነው፣ ሣሩ ደርቋል። ሰጋቱራ በቢጫና በቡናማ ቀለም ነክራችሁ በትኑበት፣ ተቆራርጦ የደቀቀ የጤፍ ገለባም ያምራል። ከዘመቻው ጋር የመሐንዲሶች ፎቶ አንሺዎች ስለነበሩ የአምባው ፎቶዎች አሉ፣ እያያችሁ ሥሩ።

የውጊያው ሕግ

እዚህ ጋ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። 4ኛው ክፍለ ጦር የያዘው ስናይደር የሚባል ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር፣ በጦርነት ሲሞከር የመጀመሪያው ነው። የሠለጠነ ሰው በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩስበታል። ፑንጃቦቹና ባሉቾቹ የያዙት ከአፉ የሚጎርስ ነው፣ በደቂቃ ቢበዛ ሦስት። የገብርዬ ጠመንጃ ያዦችም ከአፉ በሚጎርስ፣ ከቅርብ ብቻ በሚመታ መሣሪያ ይዋጋሉ። ልዩነቱን አትደብቁት። ደብቃችሁ «ሚዛን» ብትፈጥሩ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ሚዛኑን በሌላ መንገድ አምጡት።

ተኩስ፦ የስናይደር መቆሚያ ሦስት ዳይስ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር። የፑንጃብና የባሉች አንድ ዳይስ እስከ 30። የኢትዮጵያ ጠመንጃ አንድ ዳይስ እስከ 15። ተራራ መድፍና ሮኬት ሁለት ዳይስ፣ የትም ቦታ። 5 እና 6 ይመታል። የተመታ መቆሚያ ወዲያው አይሞትም፤ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ምልክት ይቀመጥበታል። ሁለተኛ ሲመታ ይነሣል። በዚያ ዕለትም ሰዉ እየተመለሰ ደጋግሞ ነው የገባው፤ በአንድ ተኩስ የረገፈ ሠራዊት አልነበረም።

ሩጫ፦ ኢትዮጵያውያን 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁልቁለት ሲሆን 25። እንግሊዞች 12።

ሲጨበጡ ሁለቱም ዳይስ ይጥላሉ፣ ትልቁ ያሸንፋል። ከላይ ወደ ታች የመጣ አንድ ይጨምራል። በሸለቆው ውስጥ ስናይደር ጥቅም የለውም። ፑንጃቦቹ ወርቅ ውሃ አጠገብ በሳንጃና በጦር ነው የተያያዙት፤ የጨዋታው ትኩስ ቦታ እዚያ ነው።

ሚዛኑ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። አንደኛው ድፍን ካርድ። ናፒየር ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ መቆሚያ አያስቀምጥም፣ የተደፋ ካርድ ያስቀምጣል። ግማሹ ባዶ ነው። የገብርዬ ተጫዋች ከፈላ ላይ ሆኖ የሚያየው በሸለቆው የሚመጡ በቅሎዎችን ብቻ ነው፤ ጠባቂ ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቅም። ቴዎድሮስም ያዩት ይህንኑ ነው፣ ገብርዬን ያወረዱትም ለዚህ ነው። ሁለተኛው መሬቱ፣ ሸለቆው ድረስ ተደብቆ የሚያስኬድ ጉድባ ስጧቸው። ሦስተኛው ዝናብ። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ዳኛው ዳይስ ይጣል፣ 5 ወይም 6 ከመጣ ነጎድጓድና ዝናብ ነው፣ የዚያን ዕለትም ከሰዓት ዘንቧል። ማንም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አያይም። ከአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ደግሞ የሚመታው በ6 ብቻ ነው።

የፈላ መድፎች መቅደላ ከደረሱ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። 6 ይመታል። 1 ከመጣ መድፉ ፈንድቷል። በእውነትም ከመድፎቹ አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈንድቷል፣ የቀሩትም ከላይ ወደ ታች ስለሚተኩሱ ጥይታቸው ከእንግሊዞቹ በላይ ያልፍ ነበር።

ውጊያው ከስምንት ዙር በኋላ ይጨልማል፣ ያልቃል። ለማነጻጸር፦ በእሮጌ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞቱ፣ ገብርዬም ከእነሱ ጋር። ከእንግሊዝ ወገን 20 ቆሰሉ፣ ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። የእናንተ ጠረጴዛ ከዚህ የተሻለ ውጤት ለገብርዬ ካመጣ፣ ተጫዋቹ ጥሩ ሠርቷል።

ከእሮጌ በኋላ

ጠረጴዛውን አታንሡ፣ ሁለት የድርድር ዙር ስጡ። መልእክት በጽሑፍ ብቻ ይለዋወጡ፣ ዳኛው ያመላልስ። ቴዎድሮስ በታሪክ እስረኞቹን በሙሉ ለቀቁ፣ ለፋሲካ ከብት ላኩ፣ ናፒየር ግን እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። የእናንተ ናፒየር በታሸገው ወረቀቱ ላይ ባለው ትእዛዝ ይወስን።

ጥቃቱ ከቀጠለ የመቅደላን በር እንደ ትልቅ ጦርነት አትጫወቱት። በዚያ ጠዋት አብዛኛው ሠራዊት ትጥቁን ፈትቷል፣ ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ኮኪት በርን ብቻ ሥሩ፣ አምስት ምስል ከውስጥ፣ ሃያ ከውጭ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጨዋታ። አንድ እውነተኛ ነገር ግን ጨምሩበት፦ ዳኛው በድብቅ ዳይስ ይጣል፣ ከ1 እስከ 3 ከመጣ መሐንዲሶቹ በሩ ሥር ሲደርሱ ባሩዱን ረስተውታል። አዎ፣ ይህ ተከስቷል። መሰላሉንም ጭምር። የ33ኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች አጥሩን ተንጠላጥለው ነው የገቡት።

የንጉሡን ፍጻሜ በዳይስ አትወስኑ። ለተጫዋቹ ተዉለት፣ ወይም ጨዋታውን በሩ ሲከፈት አቁሙት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ነጥብ

ናፒየር፦ ለእያንዳንዱ በሕይወት ለወጣ እስረኛ አንድ ነጥብ፣ በ12ኛው ዙር ለመመለስ ተነሥቶ ከሆነ ሦስት፣ ለጠፋ መቆሚያ አንድ ይቀነሳል።

ቴዎድሮስ፦ ናፒየር በጊዜ ካልደረሰ አምስት፣ በቅሎዎቹ ከተያዙ ሦስት፣ ጥቃት ሳይደርስ በድርድር ካለቀ አራት። ሴባስቶፖል ፈላ ላይ ከወጣ አንድ።

ካሳና ጎበዜ፦ ለተሰጣቸው ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ። ባዕዱ ጦር በአገር ከቀረ ሁለቱም ሁሉንም ያጣሉ።

ዘረፋ ነጥብ የሚያስገኝባቸው ጨዋታዎች አሉ። እዚህ ተገላቢጦሽ ይሁን። መቅደላ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘርፏል፤ የተወሰደውን ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል፣ እዚያም በጨረታ ተሸጧል። ከታቦቶቹ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው። ልጅ የነበረው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ እዚያው አረፈ። ስለዚህ ናፒየር ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አንድ መቆሚያ ለጥበቃ ካላቆመ አራት ነጥብ ይቀነስበት። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በመጨረሻው ሰዓት የሚቀረው መቆሚያ ጥቂት ነው፤ ለበሩ ያስፈልገዋል፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ያስፈልገዋል።

የጨዋታው ቀን

የካርታው ቀን ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። የውጊያው ቀን ከዝግጅቱ ጋር አምስት። ከዚያ በፊት ዳኛው ብቻውን አንድ ጊዜ በባዶ ጠረጴዛ፣ በሳንቲም እየወከለ ይሞክረው፤ ቁጥሮቹ የት እንደሚጠነክሩ ያኔ ያያል። ናፒየር በሦስት ሙከራ ሁሉ ከላት በፊት የሚራብ ከሆነ የብሩን ቁጥር ወደ 14 አንሡ። በቀላሉ በሽሎ የሚደርስ ከሆነ ወደ 8 አውርዱ።

ትእዛዝ ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁሉም ጽፈው ከጨረሱ በኋላ አንድ ላይ ይገለጥ። በእያንዳንዱ ዙር ለመጻፍ አራት ደቂቃ ስጡ፣ ሰዓት ያዙ። ካሳን የያዘው ሰው ከናፒየር ጋር ለብቻው ወጥቶ መነጋገር ከፈለገ ይውጣ። ሌሎቹ ደግሞ ምን እንደተባባሉ አይጠይቁ።